ዓለም አቀፍ ግጭቶችና የሀገራችን የኢነርጂ አማራጮች፦ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በሩቅ ባሕር ላይ የሚከሰት ግጭት በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በጅማ የሚገኝን ነዋሪ የማይመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የነዳጅ ማደያ ሰልፍ ሲረዝም፣ የትራንስፖርት ታሪፍ ሲሻሻል ወይም ከገጠር ወደ ከተማ የሚጓጓዘው እህል ሲወደድ መነሻው ብዙ ጊዜ ከሀገር ውጭ የተፈጠረ ክስተት ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ዓለም አቀፍ ግጭቶች በኢትዮጵያ የኢነርጂ አቅርቦት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩባቸውን መንገዶች፣ ሀገሪቱ ያሏትን አማራጮችና የየአማራጮቹን ጥቅምና ስጋት እንዲሁም ተገልጋዮች በዚህ ረገድ ሊያውቋቸው የሚገቡ ተግባራዊ ጉዳዮችን በአጭሩ ያብራራል።

1. ነዳጅ ከየት ይመጣል? በምን መንገድስ ይደርሳል?

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ የምታገኘው ተጣርቶ ከውጭ ሀገር በሚገባ ምርት ነው። ግዥውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ሲሆን፣ ዋነኞቹ የአቅርቦት ምንጮች ኩዌትን ጨምሮ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሀገሮች ናቸው። ምርቱ በመርከብ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ በነዳጅ ማጠራቀሚያ ተርሚናል ይራገፋል። ከዚያም በቦቴ ተጭኖ በአፋር ክልል በጋላፊ ወይም በድሬዳዋ አቅጣጫ በደወሌ በኩል ወደ መሀል ሀገር ይጓጓዛል።

በዚህ ጉዞ ላይ ሁለት ጠባብ የባሕር መተላለፊያዎች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው በኢራንና በኦማን መካከል የሚገኘው የሆርሙዝ ሰርጥ ነው። ሰርጡ እጅግ በጠበበበት ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በየቀኑ በአማካይ 20 ሚሊዮን በርሜል የሚሆን ድፍድፍ ነዳጅና የነዳጅ ውጤቶች አልፈውበታል። ይህም ዓለም በየቀኑ ከምትጠቀመው ነዳጅ አንድ አምስተኛውን ይወክላል። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከምርታቸው ከፊሉን በየብስ በተዘረጋ ቧንቧ ከሰርጡ ውጭ ወደሚገኙ ወደቦች ማድረስ ይችላሉ። ኩዌት ግን ከሆርሙዝ ውጭ ሌላ የባሕር መውጫ የላትም።

ሁለተኛው መተላለፊያ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ሲሆን፣ እጅግ በጠበበበት ቦታ ያለው ስፋት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው ከዚህ ሰርጥ በስተደቡብ ነው። በመሆኑም ከኩዌት የሚነሳ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ ባብ ኤል መንደብን ማቋረጥ አይጠበቅበትም። በቀይ ባሕር ዳርቻ ከሚገኙ የሳዑዲ ዓረቢያ ወደቦች የሚነሳ መርከብ ግን በሰርጡ ማለፍ ይኖርበታል። ያም ሆኖ የመድን ድርጅቶች ደቡባዊ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን በአንድነት ከፍተኛ ስጋት ያለበት ቀጠና አድርገው ስለሚመለከቱ፣ በሰርጡ የማያልፍ መርከብም ከተጨማሪ ወጪ ነፃ አይሆንም።

2. ግጭት ወደ ማደያ የሚደርስባቸው መንገዶች

የዓለም አቀፍ ግጭት ተጽዕኖ ለተጠቃሚው የሚደርሰው በዋናነት በአራት መንገዶች ነው።

*የምርቱ ዋጋ።* ነዳጅ የሚሸጠው በዓለም አቀፍ ገበያ ዋጋ ነው። በመሆኑም ኢትዮጵያ ከማትገዛበት ሀገር የሚወጣ ምርት ቢቋረጥ እንኳ ሌሎች ገዢዎች ፊታቸውን ወደ ቀሩት አቅራቢዎች ስለሚያዞሩ የሁሉም ዋጋ ይንራል።

*የማጓጓዣና የመድን ወጪ።* በጦርነት ቀጠና አቅራቢያ የሚያልፉ መርከቦች ተጨማሪ የመድን ዓረቦን ይጠየቃሉ፤ የመርከብ ኪራይም ይጨምራል። ይህ ወጪ በየሊትሩ ዋጋ ላይ ይታከላል።

*የውጭ ምንዛሪ።* የነዳጅ ግዥ የሚፈጸመው በዶላር ነው። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያ፣ ለመለዋወጫና ለፋብሪካ ግብዓት ሊውል የሚችል የውጭ ምንዛሪ ይቀንሳል። የብር የምንዛሪ ተመን ሲለወጥም የዓለም ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ በብር የሚከፈለው ዋጋ ይጨምራል። ለምሳሌ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ተመን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

*የጊዜ መዘግየት።* አንድ መርከብ በቀናት ቢዘገይ በጅቡቲ የሚጠብቁ ቦቴዎች ይቆማሉ፣ የማደያዎች ክምችት ይሟጠጣል። መዘግየቱ አጭር ቢሆንም እጥረት ይመጣል በሚል ስጋት የሚደረግ ከመጠን ያለፈ ግዥ እጥረቱን እውነተኛ ሊያደርገው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ወደ ሀገር ውስጥ ከሚገባው ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ናፍጣ መሆኑ ነው። በናፍጣ የሚንቀሳቀሱት የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ አውቶቡሶች፣ ትራክተሮች፣ የመስኖ ፓምፖችና የግንባታ ማሽኖች ናቸው። ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ መናር መኪና የሌለውን ዜጋ በትራንስፖርት ክፍያና በምግብ ዋጋ በኩል ያገኘዋል። ከገቢው ትልቁን ክፍል ለምግብና ለመጓጓዣ የሚያውለው ቤተሰብ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል።

3. ካለፉት ዓመታት የተገኙ ትምህርቶች

*በ1966 ዓ.ም.* መስከረም ወር የተቀሰቀሰውን የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተከትሎ የዓረብ ነዳጅ አምራች ሀገሮች በወሰዱት የአቅርቦት ማዕቀብ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል አደገ። በኢትዮጵያ የተደረገው የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ አሽከርካሪዎች ሥራ እንዲያቆሙ ምክንያት ሆነ። ይህ አድማ በወቅቱ ከነበሩት ሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተዳምሮ ለአብዮቱ መቀጣጠል አስተዋጽኦ ካደረጉ ክስተቶች አንዱ ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል።

*የአሰብ ማጣሪያ።* በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ለረጅም ጊዜ ድፍድፍ ነዳጅ እያጣራ ለሀገሪቱ ሲያቀርብ ቆይቷል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ። በቀጣዩ ዓመት በተቀሰቀሰው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ምክንያት ደግሞ የአሰብ ወደብ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ ገዢ ስትሆን፣ የገቢ ንግዷም በአብዛኛው በአንድ ወደብ ላይ የተመሠረተ ሆኗል።

*በ2014 ዓ.ም.* የካቲት ወር የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ከ100 ዶላር በታች የነበረው የአንድ በርሜል ብሬንት ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ120 ዶላር በላይ ደረሰ። መንግሥት ለሁሉም ተጠቃሚ እኩል ይሰጥ የነበረውን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ በማንሳት ድጎማው ለሕዝብ ትራንስፖርት አገልግሎት ሰጪዎች ብቻ እንዲውል የሚያደርገውን የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሥርዓት ተግባራዊ ያደረገው በዚሁ ዓመት ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን የችርቻሮ ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆኗል። ለለውጡ የዓለም ዋጋ፣ የድጎማው መነሳትና የምንዛሪ ተመን ለውጥ በጋራ ምክንያት ሆነዋል።

*ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ* የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚጓዙ የንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት መሰንዘር ጀመሩ። በርካታ ዓለም አቀፍ የመርከብ ድርጅቶች በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚያደርጉትን ጉዞ በደቡብ አፍሪካ ዞረው ለማከናወን ተገደዱ፤ ይህም የጉዞ ጊዜያቸውን ከአንድ ሳምንት በላይ አራዘመው።

*በሰኔ 2017 ዓ.ም.* በእስራኤልና በኢራን መካከል ለ12 ቀናት በተካሄደው ጦርነት የኢራን ምክር ቤት የሆርሙዝ ሰርጥ እንዲዘጋ ድጋፉን ገልጾ ነበር። ሰርጡ አልተዘጋም፤ ሆኖም ከ70 ዶላር በታች የነበረው የአንድ በርሜል ብሬንት ዋጋ ወደ 80 ዶላር ተጠግቶ የተኩስ አቁሙ ከታወጀ በኋላ ተመልሶ ወርዷል። ይህ ክስተት አቅርቦት ሳይቋረጥ ስጋት ብቻውን ዋጋን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል።

እነዚህ ክስተቶች በአንድ ላይ ሲታዩ ግልጽ የሆነ መልእክት አላቸው። ሀገሪቱ በሩቅ የሚነሳን ጦርነት መከላከል ወይም የዓለምን ዋጋ መወሰን አትችልም። መወሰን የምትችለው ከዕለት ተዕለት ሕይወቷና ከኢኮኖሚዋ ምን ያህሉ በእነዚህ ጠባብ ሰርጦች በሚያልፍ ነዳጅ ላይ ጥገኛ እንደሚሆን ነው።

4. የሀገር አቀፍ አማራጮች

4.1 ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ

ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል የሚገኝ ነው። ጊቤ 3 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ጣና በለስ 460፣ ግልገል ጊቤ 2 ደግሞ 420 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ማመንጨት ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ አለው።

ከዚህ አንጻር የኤሌክትሪክ ኃይል ዋነኛ ጥቅም ምንጩ በሀገር ውስጥ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ የተገነባ ግድብ በየወሩ በዶላር የሚገዛ ነዳጅ አያስፈልገውም፤ ውኃውም በሆርሙዝ አያልፍም። ከዚህም ባሻገር ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ማስተላለፊያ መስመር ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል።

4.2 ትራንስፖርትን ወደ ኤሌክትሪክ ማሸጋገር

የሀገር ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዳጅ ወጪን የሚቀንሰው በነዳጅ ይሠራ የነበረውን ሥራ ሲተካ ነው። በዚህ ረገድ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ትልቅ ፋይዳ አለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ከዚያ አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ የቀረጥና የታክስ ማበረታቻዎች ተግባራዊ ሆነው ነበር። በ2017 ዓ.ም. በሀገሪቱ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ መድረሱ በትራንስፖርት ዘርፍ ተገልጿል።

ይሁንና ቀደም ሲል እንደተመለከተው ትልቁን የነዳጅ ድርሻ የሚጠቀሙት ከባድ ተሽከርካሪዎችና የእርሻ መሣሪያዎች ናቸው። ስለሆነም የቤት መኪናዎች ሽግግር ጠቃሚ ጅማሮ ቢሆንም የነዳጅ ጥገኝነትን በጉልህ የሚቀንሰው የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት አገልግሎት ሽግግሩን ሲቀላቀሉ ነው።

4.3 የተፈጥሮ ጋዝና የሀገር ውስጥ ማጣሪያ

በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት መኖሩ ከታወቀ በርካታ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀ ሲሆን፣ በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያና የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። የማዳበሪያ ፋብሪካው ከዚህ ርዕስ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። ዩሪያ የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝ በመሆኑ የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሰላም ሲታወክ ከነዳጅ ጋር የማዳበሪያ ዋጋም ይናጋል፤ ጉዳቱም በቀጣዩ የመኸር ምርት ላይ ይታያል።

4.4 ነፋስ፣ ፀሐይና የእንፋሎት ኃይል

በአዳማ፣ በአሸጎዳ፣ በአይሻና በአሰላ የተገነቡት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የውኃ ኃይልን የመደገፍ ሚና አላቸው። በበጋ ወራት የግድቦች ውኃ ሲቀንስ የነፋስና የፀሐይ ኃይል በተሻለ ሁኔታ ስለሚገኝ ምንጮቹ ይደጋገፋሉ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የከርሰ ምድር እንፋሎት በበኩሉ ዝናብም ሆነ ነፋስ የማይጠይቅ የማያቋርጥ ኃይል ሊሰጥ የሚችል ቢሆንም የቁፋሮ ወጪው ከፍተኛ ነው። ከማስተላለፊያ መስመር ርቀው ለሚገኙ ቀበሌዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና የመስኖ ተጠቃሚዎች ደግሞ የፀሐይ ኃይል በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተርን ወይም ፓምፕን በቀጥታ ሊተካ ይችላል።

4.5 መጠባበቂያ ክምችትና አማራጭ መንገዶች

የነዳጅ ፍላጎት በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ በተለያዩ አካባቢዎች የሚገኙ የመጠባበቂያ ነዳጅ ማከማቻዎችን ማስፋፋት፣ የአቅራቢ ሀገሮችን ማብዛትና ከአንድ ወደብ ጥገኝነት መላቀቅ የኢነርጂ ደኅንነት አካል ናቸው። መጠባበቂያ ክምችት ዋጋን አያወርድም፤ ነገር ግን መርከብ ሲዘገይ አምቡላንስ፣ የዳቦ ፋብሪካና የእህል ጭነት እንዳይቆሙ ጊዜ ይሰጣል።

5. እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ስጋት አለው

ከስጋት ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ የኢነርጂ ምንጭ የለም። አማራጮችን በሚዛን ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የውኃ ኃይል በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች በቂ ውኃ ባለመያዛቸው የኤሌክትሪክ አቅርቦት በፈረቃ እንዲሆን መገደዱ የሚታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ የማመንጨት አቅሙ በእጅጉ ያደገና ግድቦቹም በተለያዩ ተፋሰሶች የሚገኙ ቢሆንም የድርቅ ስጋት ከስሌት ውጭ ሊሆን አይችልም።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የነዳጅ ጥገኝነትን ይቀንሳሉ። ሆኖም ተሽከርካሪዎቹ፣ ባትሪዎቻቸውና መለዋወጫዎቻቸው በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በዚህ ረገድ ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው፤ የነዳጅ መርከብ ቢዘገይ በሳምንታት ውስጥ ተሽከርካሪ ይቆማል፣ የባትሪ ጭነት ቢዘገይ ግን ቀድሞ የገባው ተሽከርካሪ መሥራቱን ይቀጥላል። የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎችም ተመሳሳይ ባሕርይ አላቸው።

የማመንጨት አቅም መኖሩ ብቻም በቂ አይደለም። ኃይሉ ወደ ተጠቃሚው የሚደርሰው በማስተላለፊያ መስመሮች፣ በማከፋፈያ ጣቢያዎችና በትራንስፎርመሮች በኩል ነው። በአካባቢው ያለው ትራንስፎርመር ከአቅም በላይ ከተጫነ ግድቡ ሙሉ ቢሆንም መብራት ይቆራረጣል። ስለሆነም የስርጭት መረብ ማሻሻያ ከአዳዲስ ማመንጫዎች እኩል ትኩረት የሚሻ ነው።

የቤት ውስጥ ኢነርጂ ደግሞ የተለየ ገጽታ አለው። አብዛኛው የሀገሪቱ ቤተሰብ ምግብ የሚያበስለው በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ነው። ይህ ከዓለም አቀፍ ግጭት በቀጥታ የማይነካ ቢመስልም የነጭ ጋዝና የሲሊንደር ጋዝ ዋጋ ሲጨምር የከተማ ቤተሰቦች ወደ ከሰል ስለሚመለሱ በደን ላይ የሚደርሰው ጫና ይበረታል። ጭሱም በተለይ ምግብ በሚያበስሉ ሴቶችና በሕፃናት ጤና ላይ ጉዳት ያደርሳል።

6. ለተገልጋዮች የሚጠቅሙ ተግባራዊ መረጃዎች

*የነዳጅ ዋጋ።* የችርቻሮ ዋጋ በየወቅቱ እየተከለሰ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይፋ ይደረጋል። ዋጋው ከጅቡቲ ባለው ርቀት መሠረት ከከተማ ከተማ ይለያያል። ተጠቃሚዎች ሊከፍሉ የሚገባው ለአካባቢያቸው በይፋ የተገለጸውን ዋጋ ብቻ ነው።

*ክፍያና ማስረጃ።* የነዳጅ ግብይት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ የክፍያ ሥርዓት እንዲከናወን ተደርጓል። የክፍያ መልእክቱን ማስቀመጥ የመጠን ወይም የዋጋ ቅሬታ ለማቅረብ ይረዳል። ከተተመነው ዋጋ በላይ የሚጠይቅ ወይም ነዳጅ እያለው የለም የሚል ማደያ ሲያጋጥም የማደያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በመያዝ ለአካባቢው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል።

*ነዳጅ በቤት ማከማቸት።* የእጥረት ወሬ ሲሰማ ቤንዚን በጀሪካን ገዝቶ በመኖሪያ ቤት ማስቀመጥ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፤ እጥረቱንም ያባብሳል። በጥቁር ገበያ የሚሸጥ ነዳጅ ከሌላ ነገር ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል ሞተርን ይጎዳል።

*የኤሌክትሪክ አገልግሎት።* ኃይል የማመንጨትና በከፍተኛ መስመር የማስተላለፍ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኃላፊነት ነው። አዲስ የቆጣሪ ጥያቄ፣ የቢል ክፍያ፣ የመብራት መቋረጥና የትራንስፎርመር ብልሽት የሚመለከተው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ነው። ደንበኞች ብልሽትን በ905 የጥሪ ማዕከል ወይም በአቅራቢያቸው ባለው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ማሳወቅ ይችላሉ። የወደቀ ሽቦ ያየ ማንኛውም ሰው ሽቦውን ሳይነካና ሌሎችን በማራቅ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይኖርበታል።

*የኤሌክትሪክ ታሪፍ።* ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየተሻሻለ ይገኛል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፈለ በመሆኑ ዝቅተኛ ፍጆታ ያለው ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ያነሰ ነው።

*የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለመግዛት ያሰቡ።* ከግዥው በፊት የቤቱ ቆጣሪና የኤሌክትሪክ መስመር የኃይል መሙያውን ሊሸከሙ የሚችሉ መሆኑን በባለሙያ ማስፈተሽ፣ የባትሪውን ዋስትና፣ የመለዋወጫና የጥገና አገልግሎት መኖሩን ማረጋገጥ እንዲሁም ወቅታዊውን የቀረጥና የታክስ ሁኔታ ከጉምሩክ ኮሚሽን መጠየቅ ይመከራል። ወጪን ለማነጻጸር ቀላል ስሌት መጠቀም ይቻላል። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና ያለው ሰው 8ን በወቅቱ የሊትር ዋጋ ያባዛል። በተመሳሳይ ርቀት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም የኤሌክትሪክ መኪና ወጪ ደግሞ ይህንኑ ፍጆታ በራስ ቢል ላይ ባለው ታሪፍ በማባዛት ይገኛል። በስሌቱ ላይ የግዥ ዋጋና የባትሪ ዕድሜ መታከል አለባቸው።

*በቤት ውስጥ ቁጠባ።* የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በሥራ ላይ ሳለ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የመንደሩ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት ከመጋገር ይልቅ በሌላ ሰዓት መጋገር ትራንስፎርመሩ እንዳይጨናነቅ ይረዳል። በማገዶ ለሚጋግሩ ቤተሰቦች ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነድ እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል።

7. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

*ሕዳሴ ግድብ ተጠናቆ ሳለ የነዳጅ ዋጋ ለምን ይጨምራል?*
ግድቡ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሲሆን የአብዛኛው ተሽከርካሪ ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ነው። ኤሌክትሪኩ የነዳጅን ቦታ የሚተካው ተሽከርካሪዎች፣ ፓምፖችና ፋብሪካዎች በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩበት ሁኔታ ሲሸጋገሩ ነው። ይህም ዓመታትን ይጠይቃል።

*የዓለም ዋጋ ሲቀንስ የሀገር ውስጥ ዋጋ ወዲያው የማይቀንሰው ለምንድን ነው?*
በማደያ የሚሸጠው ነዳጅ ከሳምንታት በፊት በነበረ ዋጋ የተገዛ ነው። በተጨማሪም የዓለም ዋጋ ሲንር ያልተላለፈ ጭማሪ በነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ሥርዓት ላይ ዕዳ ሆኖ ስለሚቆይ ዋጋ ሲወርድ ዕዳውን ለመሸፈን የሚውልበት አጋጣሚ አለ። የብር ምንዛሪ ለውጥም የዓለም ዋጋ ቅናሽን ሊያጠፋው ይችላል።

*ሀገሪቱ ኃይል እያነሳት ለምን ለጎረቤት ሀገሮች ትሸጣለች?*
በብዙ አካባቢዎች መብራት ያልደረሰው ወይም የሚቆራረጠው በማመንጨት እጥረት ሳይሆን በማስተላለፊያና በስርጭት መስመር ውስንነት ነው። ከሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ለመስመር ዝርጋታ የሚያስፈልጉ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን ለመግዛት ያግዛል። ይህ ማለት ግን መብራት ያልደረሳቸው ዜጎች ጥያቄ ተገቢ አይደለም ማለት አይደለም፤ የስርጭት መረቡን ማስፋፋት የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከ1966 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ያለው ተሞክሮ እንደሚያሳየው ዓለም አቀፍ ግጭት የኢትዮጵያን የኢነርጂ አቅርቦት የሚፈትን ተደጋጋሚ ክስተት ነው። ፈተናውን በአንድ ፕሮጀክት ወይም በአንድ ውሳኔ ማስወገድ አይቻልም። ከውኃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከእንፋሎት የሚገኘውን ኃይል ማሰባጠር፣ ትራንስፖርትን ደረጃ በደረጃ ወደ ኤሌክትሪክ ማሸጋገር፣ የስርጭት መረብን ማጠናከርና በቂ መጠባበቂያ መያዝ ተደጋግፈው ሲተገበሩ ግን በሩቅ የሚፈጠር ግጭት በዜጎች ኑሮ ላይ የሚያሳድረው ጫና ይቀንሳል። ዜጎችም ትክክለኛ መረጃ ይዘው በቁጠባ ሲጠቀሙ፣ ሕገ ወጥ ግብይትን ሲያጋልጡና በወሬ ላይ ተመሥርቶ ከሚደረግ ክምችት ሲቆጠቡ የዚህ ጥረት አካል ይሆናሉ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱ ዋጋዎች በተገለጹት ጊዜያት የነበሩ ናቸው። ወቅታዊ ዋጋ፣ ታሪፍና መስፈርት ከሚመለከታቸው ተቋማት ይፋዊ ማስታወቂያዎች እንዲረጋገጥ ይመከራል።